ያውቁ ኖሯል? ስልክዎ ኪስዎ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቷል

የአንድሮይድ ስልክዎ ስክሪኑ ጠፍቶ ኪስዎ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ዋናው ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አቁሞ ይተኛል። ስልኩን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ከርነልም አብሮት ይተኛል፤ ሰዓት እንኳ አይቆጥርም። ታዲያ ሲደወልልዎ ማን ይቀሰቅሰዋል?

ከርነሉ ከመተኛቱ በፊት ፕሮግራሞቹን ባሉበት ያስቆማል፤ የስልኩን ክፍሎች አንድ በአንድ ያሳርፋል። ራሙ ግን የያዘውን እንዳይረሳ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያገኛል። ነቅተው የሚጠብቁት ጥቂት ናቸው፦ የማብሪያው ቁልፍ፣ በራሱ ፕሮሰሰር ኔትወርኩን የሚያዳምጠው ሞደም፣ እንዲሁም የሰዓቱ ቺፕ። ከእነዚህ ከአንዱ የሚመጣ ምልክት፣ በሙያው ቋንቋ «ኢንተራፕት»፣ ፕሮሰሰሩን ከእንቅልፉ ያነቃዋል።

የሰዓቱ ነገር ለብቻው ይደንቃል። እንዲህ ባለው ሰዓት ውስጥ ያለው ክሪስታል በተለምዶ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህን ቁጥር 15 ጊዜ በተከታታይ ለሁለት ቢከፍሉት ልክ 1 ይመጣል፤ አንድ ሰከንድ ማለት ነው። የጠዋት ደወልዎ ሰዓቱን የማይስተው በዚህች ትንሽ ክሪስታል ነው።

ከሁሉም አስቸጋሪዋ ቅጽበት ከርነሉ ሊተኛ ሲል ጥሪ የሚመጣባት ናት። ምልክቱ ሳይታይ ካለፈ ስልኩ ሳይጮህ ይቀራል። ስለዚህ ሊኑክስ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመቀስቀሻ ምልክቶችን የሚቆጥርበት ዘዴ አለው፤ ቁጥሩ በመሀል ከተለወጠ መተኛቱን ትቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።