አዲስ ቱርቦ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይት ይጠጣ

በአርሲና በባሌ ስንዴ ደርሶ ኮምባይን በሚጠበቅበት ወራት የአንድ ሞተር መቆም የባለመኪናው ጉዳት ብቻ አይደለም። ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው ገበሬ ሁሉ እህሉ ይረግፍበታል፤ ያልታሰበ ዝናብም ሊደርስበት ይችላል። እንዲህ ባለው ጊዜ የተበላሸ ቱርቦ በአዲስ ሲተካ ሁሉም ስለሚቸኩል አንዲት ትንሽ ሥራ ትዘለላለች፤ እርሷም ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቱርቦውን ዘይት ማጠጣት ናት። ይህ ካልተደረገ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ በተገጠመበት ቀን ሊበላሽ ይችላል።

ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው የጋለ ጭስ ጉልበት የሚሠራ ወናፍ ነው ቢባል ያስኬዳል። በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ሁለት መዘውሮች አሉ፤ አንዱን ጭሱ ያዞረዋል፥ ሁለተኛው ንጹሕ አየር ስቦ ወደ ሞተሩ በኀይል ያስገባል። አየር ሲበዛ ብዙ ናፍታ በደንብ ይቃጠላል፥ ጉልበትም ይጨምራል።

ዘንጉ በደቂቃ 100,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ሊዞር ይችላል። እንደ ጋሪ እግር በኩሽኔታ ኳሶች ላይ የሚዞር አይምሰላችሁ፤ በአብዛኛው ቱርቦ ዘንጉ የሚንሳፈፈው ከጠጕር በቀጠነ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። ዘይት ከሌለ ብረት ብረትን ይፍቃል። ዘይቱ ደግሞ ቁልፍ እንደ ተዞረ ወዲያው አይደርስም፤ ፓምፑ ከገንዳው ስቦ አዲሱን ፊልትሮና ባዶውን ቀጭን ቧንቧ እስኪሞላ ጥቂት ሰኮንዶች ያልፋሉ። ጭሱ ግን ሞተሩ በተነሣበት ቅጽበት መዘውሩን ማሽከርከር ይጀምራል። ጥፋቱ የሚደርሰው በነዚያ ሰኮንዶች ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ አሮጌው ቱርቦ ለምን እንደ ተበላሸ ይመርመር። የዘይቱ መምጫ ቧንቧ በተቃጠለ ዘይት ተደፍኖ ከሆነ አዲሱም ከዚያው ዕጣ አያመልጥም፤ ቢቻል ቧንቧው ይለወጥ። የመመለሻውም ቧንቧ እንዳልተጨፈለቀ ይታይ። የሞተሩ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየሩ። አንዳንድ መካኒኮች በዘይት መጋጠሚያው ላይ ሲሊኮን ይቀባሉ፤ ይህ መጥፎ ልማድ ነው፥ ቍራጩ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍናልና።

ቱርቦው ተገጥሞ ሁለቱ የዘይት ቧንቧዎች ገና ሳይታሰሩ፥ አምራቹ ያዘዘው ዐይነት ንጹሕ የሞተር ዘይት ከላይ ባለው የዘይት መግቢያ ቀዳዳ ቀስ ተብሎ ይጨመር። መርፌው የወጣለት አዲስ ሲሪንጅ ለዚህ ይበቃል። ዘይቱ ከታች በመመለሻው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ መዘውሩን በጣት እያዞሩ መጨመር ነው። በአየር መግቢያው አፍ ግን ዘይት ፈጽሞ አይፍሰስ፤ የናፍታ ሞተር ያንን እንደ ነዳጅ አቃጥሎ ቁልፍ ቢዘጋም አልቆም ሊል ይችላል።

ቧንቧዎቹ ከታሰሩ በኋላ ናፍታው ተዘግቶ ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ ይዙር። በድሮዎቹ ትራክተሮች ማጥፊያውን ስቦ መያዝ ነው፤ በኤሌክትሮኒክ በሚሠሩት ግን የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ መከተል ይገባል። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ፥ ሞተሪኖው እንዳይግል እያሳረፉ፥ የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ ወይም ቀስቱ እስኪነሣ ይደጋገም። ከዚያ ናፍታው ተከፍቶ ሞተሩ ይነሣና ለ3 ደቂቃ ያህል ነዳጅ ሳይጨመርለት በዝግታ ይሥራ፤ በዚሁ ጊዜ የሚያፈስ ቦታ እንዳለ ይታይ።

ኮምባይን የሚከራይ ገበሬም ሆነ የልማት ሠራተኛ፥ ቱርቦ መለወጡን ከሰማ፥ «ዘይት ጠጥቷል ወይ?» ብሎ ኦፕሬተሩን ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ከአንዱ መከር እስከሚቀጥለው ወራት ሙሉ ቆሞ የከረመ ኮምባይንም ዘይቱ ከቧንቧው ወርዶ ስለሚያድር፥ ከመነሣቱ በፊት ናፍታው ተዘግቶ እንዲሁ በሞተሪኖ ይዙር።