ኦሜፕራዞል እስከ መቼ?

ደባርቅም ይሁን ዳባት፣ «ቃር አላስተኛ አለኝ» ብሎ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ይዞት ከሚመለሰው መድኃኒት አንዱ ኦሜፕራዞል ነው። አስትራ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ ያቀረበው ይህ መድኃኒት ብዙ ጨጓራ አድኗል። ችግር የሚመጣው ለሳምንታት የታዘዘው ለዓመታት ሲዋጥ ነው።

ካፕሱሉ ሲከፈት ደቃቅ ፍሬዎች ይታያሉ። መድኃኒቱ ራሱ አሲድ ሲነካው ስለሚበላሽ ፍሬዎቹ ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኑ ጨጓራን አልፎ አንጀት ውስጥ ይሟሟል። ታኝኮ ወይም ተፈጭቶ የማይወሰደው ለዚህ ነው። ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ከዚያም የጨጓራ ግድግዳ ላይ ደርሶ አሲድ የሚያመነጩትን ፓምፖች ይዘጋል። አንዴ የተዘጋ ፓምፕ መልሶ አይከፈትም፤ ሰውነት ሌላ መሥራት አለበት። ስለዚህ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ከደም ቢወጣም ሥራው ቀኑን ሙሉ ይቆያል።

ፓምፖቹ በደንብ የሚነቁት ምግብ ሲመጣ በመሆኑ የሚወሰደው ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጾሙን በመድኃኒቱ ፈትቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢበላ ይሻላል። ከበሉ በኋላ መዋጥ ጥቅሙን ይቀንሰዋል።

መጀመሪያ የሚታዩት ጉዳቶች ቀላል ናቸው፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት። ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ይተዋሉ።

የሚያሳስበው ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ቫይታሚን ቢ12ን ከምግብ ፈልቅቆ የሚያወጣው አሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ኦሜፕራዞልንና መሰሎቹን ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በወሰዱ ሰዎች ላይ የዚህ ቫይታሚን እጥረት በብዛት ታይቷል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ በሽሮና በምስር የሚያሳልፍ የሰሜን ጾመኛ ካፕሱሉንም ለዓመታት ከጨመረበት እጥረቱ ከሁለት በኩል ይመጣበታል። ምልክቱ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የደም ማነስ ነው። ከጤፍና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረትም ወደ ደም ለመግባት አሲድ ይፈልጋል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ዳሌ፣ የእጅ አንጓና የአከርካሪ አጥንት ስብራት፣ በ2011 ደግሞ ስለ ማግኒዥየም ማነስ አስጠንቅቋል። ማግኒዥየም ሲያንስ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የልብ ምትም ይዛባል። አሲድ ከምግብና ከውኃ ጋር የሚገቡ ተህዋስያንን ስለሚገድል፣ ሲቀንስ የአንጀት ኢንፌክሽን ይበረታል። አልፎ አልፎ ደግሞ ኩላሊት ይቆጣል። እነዚህ ሁሉ በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ላይ የሚደርሱ አይደሉም፤ መጠኑና ዘመኑ በጨመረ ቁጥር ግን ስጋቱ ይጨምራል።

ታዲያ ሰው ለምን አያቆመውም? ሲያቆም ቃሩ ብሶ ስለሚመጣበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የዴንማርክ ጥናት 120 ጤነኞችን አሳትፎ ነበር። ለስምንት ሳምንት የኦሜፕራዞልን ዘመድ ኢሶሜፕራዞልን ከወሰዱት 44 በመቶ የሚሆኑት ካቆሙ በኋላ የአሲድ ስሜት ታየባቸው፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ግን 15 በመቶ ብቻ። ተጨቁኖ የቆየ ጨጓራ ሲለቀቅ ለጊዜው ከልክ በላይ ያመነጫል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን «በሽታዬ አልዳነም» ብሎ ይተረጉመውና ወደ ካፕሱሉ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ ቢቀንስ ይቀለዋል።

በራስ ውሳኔ ማቋረጥም ጉዳት አለው። ጨጓራው የደማ ወይም አስፕሪን በቋሚነት የሚወስድ ሰው ሊያስፈልገው ይችላል፤ ኤች ፓይሎሪ ለተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ከአንቲባዮቲክ ጋር የታዘዘለትም እስከ መጨረሻው ይዋጠው። የደም መርጋት መከላከያውን ክሎፒዶግሬል ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ አስቀድሞ ይናገር። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ለመዋጥ መቸገርና ያለምክንያት መክሳት ካለ ግን ካፕሱል መጨመር ሳይሆን ሆስፒታል መሄድ ነው።

ለተለመደ ቃር በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይበቃል። መድኃኒቱ ሲታዘዝ «ስንት ጊዜ ልዋጥ?» የሚለው ጥያቄ አይረሳም፤ «መቼ ላቁም?» የሚለውም አይረሳ፤ ቀኑም ከማዘዣው ላይ ይጻፍ።