ሜትር ይዘው ለሚመጡ የማይነገራቸው

እዚህ የምጽፈው ችግኝ ጣቢያ ለሚውል ሰው አዲስ አይደለም። ለተረካቢ ኮሚቴ ግን ማንም አይነግረውም፤ እኔም ብሆን ስሜን ካልጠየቃችሁኝ ነው።

ጉዳዩ የመካከለኛው አዋሽ ነው። በአሚባራና በመልካ ሰዲ የጥጥ ማሳዎች ውሃ ለዓመታት ሲገባ ኖረ፤ የሚወጣበት ቦይ ግን እንደሚገባው አልነበረም። የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ መጣ፣ ፀሐይ ውሃውን ወሰደችው፣ ጨው ቀረ። አፈር ጨዋማነትን በሚለካው ኢሲ ሜትር ተለክቶ ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር ካለፈ ጨዋማ ይባላል። ጥጥ ደግሞ ጨው ከሚችሉት ሰብሎች አንዱ ነውና እስከ 7.7 ገደማ ምርቱ አይነካም። እንግዲህ ጥጥ ራሱ እምቢ ያለበት መሬት ምን ላይ እንደደረሰ ገምቱ። «ሀገር በቀል ጨው ቻይ ቁጥቋጦ ይቅረብ» የሚለው ጨረታ የሚወጣው ያኔ ነው።

ጨረታው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የችግኝ ብዛትና ቁመት። ለርክክብ የሚመጡት ሰዎች ሜትር ይዘው ይመጣሉ፣ ያጠረውን ይመልሳሉ። ሚስዋክ፣ ያ የጥርስ መፋቂያው ቁጥቋጦ፣ በዚህ ፈተና ይወድቃል። ከላይ ቀርፋፋ ነው፤ ጉልበቱን የሚያውለው ሥሩ ላይ ነው። ታዲያ ቁመት እንዲያወጣ ምን ይደረጋል? ዩሪያ ጠብ ይደረግለታል፣ ጠዋትና ማታ የወንዝ ውሃ ይጠጣል፣ ዳሱ አይነሳለትም። ይመዘዛል፣ ያምራል፣ ፎቶ ይነሳል። ጨዋማው ሜዳ ላይ ሲወርድ ግን ሳምንት አይቆይም። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «ፍየል በላው» ነው። ፍየል ስንቱን ዕዳ እንደተሸከመች እኛ እናውቃለን።

ሚስዋኩ ጭራሽ ካልደረሰ ደግሞ ከጎኑ ካለው መደብ ኒም ይጫናል። ኒም ጥሩ ጥላ ነው፣ ሀገር በቀል ግን አይደለም። በደርግ ዘመን መሬት ይጠብቃል ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው ባዕድ ዛፍ መሬቱን ወርሮ ምን እንዳደረገን እያየን፣ «የበቀለው ሁሉ ይበቃል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም ማለት ያቅተኛል።

አሁን ወደ ሥራው። የሚስዋክ ፍሬ ሲበስል ወፍና ሕፃን ይቀድሟችኋል፣ ስለዚህ የሚለቀመው በጠዋት ነው። ፍሬውን እንዳለ የሚዘራ ሰው ከዚያ ዘር መጥፎ ነው ብሎ ያማርራል። ዘሩ ደህና ነው፤ መብቀሉን የሚይዘው ሥጋው ነው። በአሸዋ አሽታችሁ፣ በውሃ አጥባችሁ፣ ጥላ ላይ አድርቃችሁ ሳይቆይ ዝሩት። ሌላው ጨው ቻይ ቁጥቋጦ፣ ታማሪስክ፣ ከዘር አይሞከር፤ ዘሩ ብናኝ ነው፣ ቶሎም ይሞታል። የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ስንዝር ያህል ተቆርጦ፣ ሁለት እጁ አፈር ውስጥ ከገባና እርጥበት ካልተለየው ሥር ያወጣል። የታችኛውን ጫፍ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ቁረጡት፤ የቀን ሠራተኛው ሲቸኩል ገልብጦ እንዳይተክለው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ታማሪስክ ጨውን በቅጠሉ ስለሚያወጣ ቀትር ላይ ቅርንጫፉን ብትነኩ ነጭ ብናኝ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ያ ብናኝ ሥሩ ሥር ይረግፋልና ከሰብል ዳር አትትከሉት።

ከሁሉ የሚረሳው ማስለመዱ ነው። የጨው ቻይ ተክል ዘርም ቢሆን ጨው በሌለው ውሃ ነው ደህና የሚበቅለው። ችግኙ ሲጠነክር ግን፣ ከመተከሉ ሳምንታት በፊት፣ ከማፋሰሻው ቦይ የሚቀዳ ጨዋማ ውሃ በወንዙ ውሃ ላይ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ይሰጠዋል። ሱዌዳ የሚባለው ሥጋማ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦማ ጥቂት ጨው ሲያገኝ ከበፊቱ ይልቅ ይወፍራል። ዳሱ ይነሳ፣ ውሃው ይቀነስ፣ ከፕላስቲኩ ሥር የወጣው ሥር ይገረዝ። ይህ ሁሉ ችግኙን አያስረዝመውም፤ ስለዚህ ማንም አይከፍልበትም።

ተከላ ላይ ደግሞ ቦይና ትልም ካለ፣ ሰው ሁሉ የትልሙ አናት ላይ ይተክላል። ጨው የሚሰበሰበው እዚያው ነው፤ ኩራዝ በክሩ ጋዝ እንደሚስበው አፈሩም ጨዋማውን ውሃ ወደ አናቱ ይስባል። ጎኑ ላይ፣ ውሃ የሚነካው መስመር አጠገብ ተክሉ። ጥቂት ካፊያ ሲጥል «ተመስገን» ብላችሁ ውሃ አታቋርጡ፤ ካፊያ ከላይ የተቀመጠውን ጨው ወደ ሥሩ አውርዶ ይተወዋል እንጂ አልፎ አያጥበውም። ያን ቀን ጠበቅ አድርጎ ማጠጣት ነው።

ችግኝ ልትረከቡ ስትመጡ ሜትሩን መኪና ውስጥ ተዉት። ከመደቡ መሐል፣ እኛ ያልመረጥንላችሁን አንዱን አንሡና ፕላስቲኩን ቅደዱ። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከሆነ፣ ግንዱ ቢያጥርም ፈርሙ። ታች ተጠቅልሎ ከሆነ ጭነቱን መልሱ። ፎርማኑ ሹፌሩን ሲቆጣ ትሰማላችሁ፤ ሹፌሩም ለምዶታል።