ስለ ግድግዳ ቀዳዳ አደፋፈን

ቤት ለሰው ሁለተኛ ልብሱ ነው። ልብስ ሲቀደድ ሳይውል ሳያድር እንደሚጠቀም ሁሉ፣ የቤትም ግድግዳ ሲበሳ ወዲያው ሊጠገን ይገባዋል። ነገር ግን ስለ ልብሳችን የምናፍረውን ያህል ስለ ግድግዳችን አናፍርምና ቀዳዳውን በመጋረጃ ወይም በቁም ሣጥን ጋርደን ዝም እንላለን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንደዚህ ላለው ቸልታ ነው። ስለዚህ የሐይቅንና የአምባሰልን የጭቃ ቤት ምሳሌ አድርገን፣ ቀዳዳ እንዴት እንደሚደፈን ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ አገር የቀድሞው ቤት እንደ ቦታው ከእንጨትና ከጭቃ ወይም ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ነው። ከዚህ አገር ወጥተው በደሴና በአዲስ አበባ በሥራ ላይ ያሉ ልጆች፣ የወላጆቻቸው ቤት ግድግዳ መቦርቦሩን በሰሙ ጊዜ ቶሎ ብለው ሲሚንቶ ገዝተው ይልካሉ። አሳባቸው የተመሰገነ ነው፤ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ቤቱን ይጎዳዋል። እኛም ራሳችን ይህንኑ ስሕተት ሠርተን፣ በሲሚንቶ ያስደፈንነው ቀዳዳ ሁለት ክረምት እንኳ ሳያልፈው ከነልስኑ ወደቀ። በስተኋላውም ያለው ማገር በስብሶ በእጅ ሲነካ ይፈርስ ነበር።

ምክንያቱም ይህ ነው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፤ ፀሐይና ነፋስ ባገኘም ጊዜ የጠጣውን መልሶ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ግን ይህን መተንፈሻ ይዘጋበታል። እርጥበቱ በውስጥ ታምቆ ይቀርና እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ምስጥንም ይጠራል። ደግሞም ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን እንደ እርሱ አይንቀሳቀስምና ሁለቱ ተለያይተው ይቀራሉ። ስለዚህ የጭቃን ቀዳዳ በጭቃ መድፈን የድኽነት ምልክት ሳይሆን የዕውቀት ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ቀዳዳው ከምን እንደ መጣ መመርመር ያስፈልጋል። ከግድግዳው ራስጌ ከሆነ ጣራው ያፈስሳል ማለት ነው። ከግርጌው ከሆነ ከክፈፉ የሚወርደው ውሃ መሬት እየመታ ይረጨዋል፤ ወይም የጓሮው ፍሳሽ ወደ ቤቱ ተመልሷል። አይጥና ምስጥም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ጣራው ሳይከደን፣ ቦዩም ሳይቀደድ ቀዳዳውን ብቻ መድፈን ሕመሙን ትቶ ቁስሉን መሸፈን ነው።

ከዚህ በኋላ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ግድግዳ በጣት ማንኳኳት ነው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከማገሩ የተላቀቀ ስለሆነ ያለ ርኅራኄ ይፍረስ። የበሰበሰውም ማገር በደረቅ እንጨት ይተካ።

ለጭቃው የሚሻለው ቀይ አፈር ነው፤ ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃልና። አፈሩን ለመፈተን ትንሽ አድቦልቡሎ ማድረቅ ይበቃል፤ ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ ይጨመርለታል፣ ከተፈረፈረ ደግሞ የሚያጣብቅ አፈር ያሻዋል። ከዚያም የጤፍ ጭድ ጨምሮ በውሃ ማቡካት፣ በእግርም ደኅና አድርጎ መርገጥ ነው። ይህ ጭቃ ጥቂት ቀን ተሸፍኖ ከሰነበተ በኋላ እንደገና ሲረገጥ አያያዙ ይጠነክራል።

የቀዳዳው ከንፈር በውሃ ሳይርስ ጭቃ ሊነካው አይገባም፤ ደረቁ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ መጥጦ ያላቅቀዋልና። ጥልቅ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ አንዱ ድርብ ሲደርቅ ሌላው ይደረባል። የፊተኛው ድርብ ጭዱ የበዛ፣ የኋለኛው የደቀቀ ይሁን። በመጨረሻም በእበትና በተነፋ አፈር ይለሰናል። ለማድረቅ ሲባል እሳት ማንደድ አይገባም፤ ቀስ ብሎ የደረቀ ጭቃ አይሰነጠቅምና።

በወሎ የበልግ ዝናብም ስላለ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ይህ ጊዜ ያመለጠው ሰው የሐምሌ ዝናብ ሳይደርስበት በግንቦት ይፈጽም። የግድግዳ ስንጥቅ የትኋንና የቁንጫ መሸሸጊያ ነው። በደጋው አገር ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ ደዌ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ቀን ቀን እንደዚህ ባለ ስንጥቅ ታርፋለች። እንግዲህ ቀዳዳ መድፈን ለውበት ብቻ ሳይሆን ለልጆችም ጤና ነው።

በከተማ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ግድግዳቸው ጂፕሰም ቦርድ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው። ይህ ሰሌዳ በወረቀት መካከል የተጋገረ ጂፕሰም ነው፤ የፊተኛውን ዓይነት በ1894 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ አገር ኦገስቲን ሳኬት የሚባል ሰው በስሙ አስመዝግቦታል። ሲበሳ ቀዳዳውን አራት ማዕዘን አድርጎ መቍረጥ፣ ከበስተኋላው ጠፍጣፋ እንጨት በብሎን ማሰር፣ በልኩም የተቈረጠ ሌላ ጂፕሰም ቦርድ በዚያ ላይ መምታት ነው። መጋጠሚያው የወረቀት ጥብጣብ ተለጥፎበት በጂፕሰም ይለሰናል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ነገር ግን ከመቍረጥ በፊት መብራቱ ከቈጣሪው ይጥፋ፤ በውስጡ ሽቦ ሊኖር ይችላልና። ሰሌዳው ርሶ ከተገኘም አስቀድሞ የሚያፈሰው የውሃ ቧንቧ ይፈለግ።

በመጨረሻም ለወላጆቻቸው ቤት ለሚያስቡ ሁሉ የምንመክረው ይህ ነው። ሲሚንቶ ከመላክ አስቀድማችሁ፣ ግድግዳውን ለብዙ ዘመን ሲመርጉ የኖሩትን እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ ለጣራው ጥገናና ለጭቃው አቡኪ የሚሆን ገንዘብም ላኩላቸው። ቤቱ የሚድነው እንዲህ ሲሆን ነው።