ዘቢዳርን የማይሻገር ድምፅ

በቤት የሚሠራ የኤፍ ኤም ማሰራጫ መዳፍ ላይ ያርፋል። አንድ ትራንዚስተር፣ ጥቂት ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮች፣ ትንሽ ማይክሮፎን፣ በእስክሪብቶ ላይ 5 ወይም 6 ዙር የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፣ የ9 ቮልት ባትሪ። ትራንዚስተሩ ሞገዱን ያመነጫል፤ ድምፃችን የሞገዱን ድግግሞሽ ያወዛውዘዋል፤ አንቴናው ወደ አየር ይለቀዋል። አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዬን የሠራሁት ቡታጅራ ውስጥ፣ አንድ ሬዲዮ ሠሪ ከተበላሹ ሬዲዮኖች ነቅሎ በሰጠኝ ዕቃ ነው። የሽቦውን ጥምዝ በጥቂቱ ስስበው ጣቢያዬ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ስጠቀጥቀው ወደ ታች ይመለሳል። እጄን ሳስጠጋውም ይሸሻል። ስለዚህ ከተስተካከለ በኋላ ጥምዙን በሰም ማሸግና እጅን ማራቅ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ዋት ነው?» ዋት ከጨመረ ድምፁ ወልቂጤ የሚደርስ ይመስላቸዋል። ይህ ግምት ብዙ ልጆችን ትራንዚስተር አስቃጥሏል። የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ ይጓዛል፤ ተራራ ካገኘ በአብዛኛው እዚያው ይቆማል። በአየር መስመር ከቡታጅራ ወልቂጤ 70 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መሐላቸው ግን የጉራጌ ተራሮች አሉ፤ ዘቢዳር ከ3500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቡታጅራን ከምዕራብ ይጋርዳታል። ዋቱን መቶ እጥፍ ብታደርጉት ዘቢዳር አይነቃነቅም።

ሒሳቡ ደግሞ ያስደስተኛል። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ካሬ ሩቱን በ4.1 ብታባዙ፣ ሜዳ ላይ ሞገዱ ከመሬት ጥምዝ በታች ከመውረዱ በፊት የሚደርስበትን ርቀት በኪሎ ሜትር በግምት ታገኛላችሁ። በ4 ሜትር ከፍታ 8 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ100 ሜትር 41። ክፍት በሆነ ቦታም ቢሆን ርቀቱን በእጥፍ ለማሳደግ ኃይሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ላይ የስርጭት ማማዎች እንደ ፉሪ ባለ ተራራ ላይ የሚተከሉት ለዚህ ነው።

የአንቴናው ርዝመትም ከዋቱ ይበልጣል። በ100 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነው፤ ሩቡ 75 ሴንቲ ሜትር። ይህችን ርዝመት ቀጥ አድርጎ ማቆም ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል። የማሰራጫው ሽቦ ቆሞ፣ የአድማጩ ሬዲዮ አንቴና ከተጋደመ ግን ድምፁ ይደክማል። ሬዲዮውን ትራስ ላይ አጋድሞ «አይሰማም» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል፤ በመጀመሪያ አንቴናውን ያቁመው።

የከበደ ቁጣዬ ግን ማጉያ ለሚጨምሩት ነው። ማጣሪያ የሌለው ማጉያ በ98 ሜጋኸርዝ ሲሠራ በ196ም ይጮኻል። ከ108 ሜጋኸርዝ በላይ ደግሞ አውሮፕላኖች የሚጠቀሙበት ክልል ይጀምራል፤ እዚያ መግባት ጨዋታ አይደለም። ሰፈር የሚያዳርስ ጣቢያ የፈለገ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቅ። የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚባለው ፈቃድ ለአካባቢ ሰው የታሰበ ነው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጥሩ አርአያ ነው። ለመማሪያ የሚሠራው የ9 ቮልት ማሰራጫ ከአጭር ርቀት ሙከራ አይለፍ፤ በአካባቢው ጣቢያ ላይም አይውጣ።

ለሙከራ የምወደው ቦታ ጀፎረ ነው። የጉራጌ መንደር መሐል የተዘረጋው ያ ሰፊ ሣር መንገድ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ቤት፣ መሐሉ ባዶ ነው። አንድ ጊዜ ማሰራጫዬን ባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አስሬ፣ እህቴ ትንሽ ሬዲዮ ይዛ ጀፎረውን ትወርድ ነበር። ድምፄ በጠፋባት ቁጥር ቆማ እጇን ታነሣለች። መጀመሪያ እንጨቱ መሬት ላይ ሳለ ስንሞክረው ብዙም ሳትርቅ አነሣች። እንጨቱን አቁሜ አንቴናውን 75 ሴንቲ ሜትር ስቆርጠው፣ ዋቱን ሳልነካ፣ እጇን ሳታነሣ ከጀፎረው ዋርካ አልፋ ሄደች።