ፎቶ የሌለውን ወንድሜን ማን ይሣልልኝ?

የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ አልበሜን ስታገላብጥ ጥያቄዋ አያልቅም። "ይቺ ማን ናት? ይሄስ?" ትላለች። ባለፈው ክረምት እንደዚሁ ስታገላብጥ ቆየችና "እማማ፣ አንቺ ወንድም የለሽም እንዴ?" አለችኝ። ነበረኝ አልኳት። "ታዲያ ፎቶው የታል?"

ፎቶ የለውም። በ1956 ዓ.ም. በኩፍኝ ሲሞት አራት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ሰባት። ያደግነው ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው፤ ለልጅ ፎቶ ማስነሣት የሚባል ነገር አልነበረም። አባትና እናቴ አልፈዋል። ታላቅ እህቴም ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እንግዲህ የዚያን ልጅ መልክ የሚያውቅ በዚህ ዓለም ላይ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት ያን ቀን ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የልጅ ልጄ "ጀምበር" የሚባለውን የአገራችንን ኮሚክ ትወዳለች። "እንደዚህ አድርገሽ ጻፊልኝ" አለችኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አያጣም፤ በደብተር ጻፍኩት። የወንድሜ ሕመም፣ የነርስነት ትምህርቴ፣ የክትባት ሳጥን በበቅሎ ጭነን የወጣነው ዳገት ሁሉ ገባ፤ 24 ገጽ ሆነ። መጻፉ አላስቸገረኝም። የሚሥል ሰው ማግኘቱ ነው ያንከራተተኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈራችን ካለው ታፔላ ጸሐፊ ዘንድ ነው። የቡና ቤቱን ግድግዳ፣ የፀጉር ቤቱን መስተዋት ያሳመረው እሱ ነው። ደብተሬን አገላብጦ "እናቴ፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሣል ቢሉኝ እሥላለሁ። ያንኑ ሰው 60 ጊዜ፣ ሲስቅ፣ ሲያለቅስ፣ ዞሮ ሲሄድ፣ ግን ያው ራሱ መሆኑ ሳይጠፋ መሣል ሌላ ሙያ ነው" አለኝ። ሥራውን የማይችለውን አልችልም የሚል ባለሙያ ይባረክ። ከዚያ በኋላ ካገኘኋቸው ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ የእሱ ቃል ነው።

ቀጥሎ አንድ የሥዕል ስቱዲዮ ጠየቅሁ። ለአንድ ገጽ 4,000 ብር አሉኝ። በ24 ሲባዛ 96,000 ብር ነው። የጡረታ አበሌን እህል ሳልቀምስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ባጠራቅመው ነው እንግዲህ! ተናድጄ ወጣሁ፤ በታክሲው ውስጥ ሳይቀር አጉረመረምኩ። ኋላ ግን ገባኝ፤ አንድ ገጽ ማለት አንድ ሥዕል ማለት አይደለም። አምስት ስድስት ሥዕሎች አሉበት፤ መጀመሪያ በእርሳስ ይነደፋል፣ በጥቁር ቀለም ይወፍራል፣ ይቀባል፣ ጽሑፉ ይገባል። ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። ዋጋው ውድ አልነበረም፤ አቅሜ ነው ያልደረሰበት።

የወንድሜ የሚመስለኝ የእህቴ ልጅ ደግሞ "አክስቴ፣ ኮምፒዩተር በነፃ ይሥልልሻል" ብሎ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ብዙ ሥዕል አወጣልኝ። ሲያዩት ያምራል። ግን በአንዱ ሥዕል ላይ ያለው ልጅ በሌላው ላይ ሌላ ልጅ ነው። የእናቴ ነጠላ የሕንድ ሳሪ መስሏል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ የእኛን ፊደል የሚመስል፣ ግን ሊነበብ የማይችል ነገር ተጽፏል። ልጁ ቆንጆ ነበር፤ የማንም ልጅ ግን አልነበረም።

"ተማሪዎች ለልምምድ ሲሉ በነፃ ይሠሩልሻል" ያሉኝም አሉ። አንዱ በደስታ እሺ አለኝ። ሦስት ወር ጠበቅሁት፤ በመጨረሻ ስልኩ መነሣት ተወ። አልቀየምኩትም። የሚከፈልበት ሥራ ሲመጣ ነፃው ወደ ታች ይወርዳል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ለመሆኑ ልጆቻችን ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሲሆኑ በነፃ ሥሩ አንላቸውም፤ ሥዕል ሲሆን ለምን እንደምንል አላውቅም።

በስተመጨረሻ ያገኘሁት በቴሌግራም ሥራዎቹን የሚያሳይ አንድ ወጣት ነው፤ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ። የታፔላ ጸሐፊውን ምክር ይዤ "ያማረውን ሥዕልህን አላይም፤ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ የሣልክበትን አሳየኝ" አልኩት። አያቱን ከፊት፣ ከጎንና ጎንበስ ብለው እንጨት ሲለቅሙ ሥሎ ነበር። በሦስቱም እሳቸው ነበሩ።

ዋጋው በቀለም 3,500፣ በጥቁርና ነጭ 2,500 ብር ነው። የእኔ ያለኝ ገንዘብ ከእቁብ የወጣ 20,000 ብር ነበር። ቀንስልኝ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝና "ሲስተር፣ ዋጋውን ከምንቀንስ ገጹን እንቀንስ" አለ። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳየውን በቸርችል ጎዳና መደብሮች የሚሸጠውን ሥዕል ታውቁታላችሁ። ብዙውን ጊዜ 44 ትናንሽ ክፍሎች አሉት፤ በየሥዕሉ ሥር ጥቂት ቃል ብቻ ይጻፋል። እሱን አስታወሰኝና "እርስዎ በጽሑፍ የነገሩንን በሥዕል ደግመው ሊነግሩን ነው። የሚታየውን አይጻፉት" አለኝ። እውነቱን ነው። ትምህርቴ ወጣ፣ ዳገቱ ወጣ። በቅሎዋ ስትወጣ ብቻ ነው ልቤን ያመመኝ፤ ጥሩ በቅሎ ነበረች። ስምንት ገጽ ቀረ፤ ሰባቱ የወንድሜ፣ ስምንተኛው እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የኩፍኝ ክትባት ስሰጥ። መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ እሱ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ። ዛሬ ሕፃናት ኩፍኝ የሚከተቡት በ9 ወርና በ15 ወር ነው፤ ሁለተኛውን የምትዘነጉ እናቶች ካላችሁ ካርዱን አውጥታችሁ እዩት።

ውላችንን በአንድ ገጽ ወረቀት ጻፍን። መጀመሪያ አንድ ገጽ ለሙከራ ይሠራል፤ ባይስማማኝም ይከፈለዋል። ከዚያ ለየገጹ ግማሹ ንድፉ ሲያልቅ፣ ግማሹ ሲያስረክብ። በእርሳስ እያለ የፈለግሁትን አስተካክላለሁ፤ በጥቁር ቀለም ከተሠራ በኋላ ግን ሐሳቤን ብቀይር እከፍላለሁ። ሽፋኑ ላይ የእኔም የእሱም ስም ይጻፋል። የሠዓሊው ስም መጠቀስ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሰጠው መብት እንጂ የእኔ ችሮታ አይደለም። የሚታተመው ለቤተሰብ 30 ቅጂ ብቻ ነው፤ ይህንንም ጻፍነው።

የሙከራው ገጽ ሲመጣ ግን ወንድሜ መስኮት ሥር ተኝቶ ዓይኑን አፍጥጧል፤ አጠገቡ ኩራዝ በርቷል። ሽፍታው ከግንባሩ እስከ እግሩ ባንዴ ወጥቷል። ሥዕል ሲሳሳት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ የጤና ሰዎች እናውቃለን። ዝንብን አግዝፎ የሚያሳይ ሥዕል ይዞ ገጠር ስለወረደ አስተማሪ በሙያችን የሚወራ ቀልድ አለ፤ ሰዎቹ "የእኛ አገር ዝንብ እንዲህ አይተልቅም" ብለውት ተበተኑ አሉ። ልጁን አስቀምጬ አስረዳሁት። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ዓይኑ ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን ያመዋል። ሽፍታው ከጆሮ ኋላና ከፊት ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። እናቴ በሩን ዘግታ ጋቢ የሰቀለችበት ከድንቁርና አልነበረም፤ ልጇ ብርሃን ሲያይ ሲጮህ ሰምታ ነው። ያን ጨለማ ሣልልኝ አልኩት። ጥቁርና ነጭ መሆኑ ያን ጊዜ ጠቀመን።

ፊቱ ቀረ። ወጣቱ ሁለት ከሰዓት በኋላ ቤቴ እየመጣ ቡና እየጠጣ ተቀመጠ። ምን ይመስል ነበር ብሎ አልጠየቀኝም። እንዴት ነበር የሚስቀው? ፀጉሩ ምን ነበር? ሲኮርፍ የት ይደበቃል? ይለኛል። ቁንጮ ነበረው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይከድናል። ሲኮርፍ ከጎተራው ኋላ ነው። እነዚህን ከ60 ዓመት በላይ አላሰብኳቸውም ነበር። እየሣለ ያሳየኛል፤ አይደለም እለዋለሁ፤ ይፋቃል። ዘጠነኛው ላይ "ግራ ጆሮው ትንሽ ወደ ውጭ" አልኩት። በእርሳሱ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው።

ጀበናው ላይ ውኃ ልጨምር ብዬ ተነሣሁ። ቶሎ አልተመለስኩም።

የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወረቀቱን አነሣችው። አሁን ስድስተኛው ገጽ ላይ ነን፤ ያን ቀን ያለችውን ግን ገና እያሰብኩበት ነው። "አባዬን ልጅ ሆኖ ነው የሣልከው?" አለችው። ልጄን 41 ዓመት ሳየው ኖሬ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።