የጠፋ ትዝታን ስለ መፈለግ

በፈተና ሰዓት ያጠናው ነገር ድንገት ያልጠፋበት ተማሪ ከመካከላችን ያለ አይመስለንም። እንዲህ ያለው መርሳት ቢያናድድም፣ ከአዳራሹ ስንወጣ የጠፋው ይመለሳል። ነገር ግን አንድ ሰው ከሕይወቱ ጥቂት ሳምንታት ቢጠፉበት፣ የጠፉትም እጅግ የከፉት ቀኖች ቢሆኑ፣ ዘመዶቹ ሊነግሩት ይገባልን? ወይስ ራሱ እስኪያስታውስ ዝም ሊሉ? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄውን ያስነሣብን፣ ኢ. ሎክሃርት በሚል የብዕር ስም የምትጽፈው አሜሪካዊት ደራሲ ኤሚሊ ጄንኪንስ በ2014 ያሳተመችው የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። ርእሱ በአማርኛ «ውሸታሞች ነበርን» እንደ ማለት ነው። ታሪኩን የምትነግረን ኬደንስ ሲንክሌር፣ በማሳቹሴትስ ጠረፍ አጠገብ የግል ደሴት ካለው ሀብታም ቤተ ሰብ የተወለደች ልጅ ናት። በ15 ዓመቷ በባሕሩ ዳር ተጎድታ ትገኛለች። ከዚያ ወዲህ ብርቱ የራስ ምታት ያሠቃያታል፤ የዚያን ወቅት ነገር ግን አታስታውስም። በ17 ዓመቷ ወደ ደሴቲቱ ተመልሳ የጠፋባትን መፈለግ ትጀምራለች። እናቷ ደግሞ ሐኪሞቹ በራሷ እንድታስታውስ መክረዋል በማለት አትነግራትም። ፍጻሜውን እዚህ አንገልጥም፤ መጽሐፉን ገና ያላነበበውን ሰው ደስታውን መንጠቅ ይሆንብናል።

አሁን ልብ ወለዱን ለጊዜው ትተን ሳይንሱን እንጠይቅ። በመጀመሪያ፣ ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው ሁሉ ይረሳዋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የሚበዛው እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ሰው ሲደነግጥ በደሙ ውስጥ አድሬናሊን ይበዛል፤ አሚግዳላ የሚባለውም የአንጎል ክፍል ይነቃል። በዚህም ምክንያት የድርጊቱ ዋና ነገር ከተራ ቀን ትዝታ ይልቅ ጠልቆ ይቀረጻል። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው ማስታወስ አቅቶት ሳይሆን መርሳት አቅቶት ነው።

ይሁን እንጂ ትዝታ የሚጠፋባቸው መንገዶች አሉ። አንደኛው የራስ መመታት ነው። አዲስ ነገር ወደ ዘላቂ ትዝታ የሚለወጠው ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል አማካይነት ሲሆን፣ ጊዜም ይፈጃል። ይህን በይበልጥ ያስረዳው የሄንሪ ሞለይሰን ታሪክ ነው። የሚጥል በሽታ የነበረበት ይህ አሜሪካዊ በ1953 በተደረገለት ቀዶ ሕክምና የሂፖካምፐሱ ብዙው ክፍል ከግራም ከቀኝም ወጣ። ከዚያ በኋላ በ2008 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ፣ አሁን የተዋወቀውን ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አያስታውሰውም ነበር። እንግዲህ ራሱን በተመታ ሰው ዘንድ የዚያች ሰዓት ትዝታ ከመጀመሪያውም ሳይጻፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያልተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ሣጥን ቢበረበር አይገኝም።

ሁለተኛው መንገድ፣ አንጎል ሳይቆስል ከብርቱ ሐዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ ሰው የገዛ ሕይወቱን ክፍል ማስታወስ ሲያቅተው ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ፒየር ዣኔ በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን የአእምሮ መከፈል መርምሯል። የዛሬ ሐኪሞች ዲሶሲየቲቭ አምኔዥያ ይሉታል። ትዝታው አንዳንድ ጊዜ ማንም ሳይገፋው ይመለሳል። በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሠራ ግን ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ታዲያ የረሳውን ሰው ጎትጉተን እንዲያስታውስ ብናደርገው ምን ክፋት አለው? ክፋቱን ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 አሳይተውናል። ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም ካሳዩ በኋላ፣ 50ዎቹን መኪኖቹ «ሲመታቱ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር ብለው ጠየቁ፤ ሌሎቹን 50ዎች ደግሞ «ተላትመው ሲደቅቁ» ብለው ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስተዋት አይታችኋልን?» በተባሉ ጊዜ ከፊተኞቹ 7፣ ከኋለኞቹ 16 ተማሪዎች «አይተናል» አሉ። በፊልሙ ውስጥ ግን የተሰበረ መስተዋት አልነበረም። እንግዲህ ጠያቂው በአንዲት ቃል ብቻ ያልነበረ ነገር በሰው ትዝታ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል ማለት ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን ያህል አደገኛ እንደሚሆን አንባቢ ያስበው።

በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ዘመድ ይሰበሰባል፤ በማለዳ ይነገራል፤ የሚደግፍ ሰው ከአጠገብ አይጠፋም። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ መጠንቀቅና እውነቱን ሳይነግሩ አለመቅረት። የኬደንስ ቤተ ሰብ የተቸገረበት ሚዛን ይኸው ነው።

በየማደሪያችን ጦርነት ያየ ወይም ቤተ ሰቡን ያጣ ጓደኛ ይኖራል። «ምን ሆንክ? ንገረን እንጂ!» እያልን ባናስጨንቀው፣ የጎደለውንም በግምታችን ባንሞላለት መልካም ነው። በራሱ ጊዜ ሲናገር እናዳምጠው፤ ሲጠይቀን የምናውቀውን ብቻ እውነቱን እንንገረው። ራሱን ተመትቶ የሆነውን የማያስታውስ ቢኖር ግን ይተኛና ይሻለዋል አንበል፤ ያንኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው።